ሞራ ገላጩ ሾፌር

አባቴ በጠራራ ፀሐይ ዝናብ መጥረጊያ ያስነሳ ነበር።

ከሽንዲ ወደ ቡሬ በሚያመጣው የጠጠር መንገድ፣ በየካቲት፣ ሰማዩ ላይ ለዓይን የምትሞላ ደመና ሳትኖር፣ ቀኝ እጁን ወደ መሪው ሥር ሰደድ ያደርግና እጀታዋን ይነካታል። መጥረጊያዎቹ ሲጥ፣ ሲጥ እያሉ ደረቁን መስታወት ይፍቁታል። እኔ ጥርሴን ነክሼ ጆሮዬን እደፍናለሁ። እሱ አንገቱን ወደ ፊት ሰገግ አድርጎ ትንሽ ይጠብቃል። ከዚያ «አይ ይኸ በርበሬ» ይልና ያጠፋዋል።

ጥፋቱ ሁሉ የበርበሬው ነበር። የምንጭነው ዛላ በርበሬ ነው፤ በሽንዲ ዙሪያ ካለው የወምበርማ ገበሬ ተሰብስቦ ቡሬ ይገባል፣ ከቡሬ ደግሞ ፍኖተ ሰላም እናደርሰዋለን። ሽታው ከሸራው ሥር እየሾለከ ጋቢናውን ይሞላዋል። ስናስነጥስ ነው የምንውለው። እሱ ዓይኑን ሲያሽ እኔም አሽ ነበር፤ እሱ ሲያነባ እኔም አነባ ነበር። ከበርበሬው ሌላ ነገር ዓይኑን ይዞታል ብዬ በምን ልጠርጥር? የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

ጋቢና የገባሁት ወንዳወቅ ስለለቀቀ ነው። ወንዳወቅ የአባቴ ረዳት ነበር፤ ጎማ የሚቀይር፣ ሸራ የሚያስር፣ ቀኑን ሙሉ ሲያንጎራጉር የሚውል ሰው። አንድ ቀን በራችን ላይ ቆሞ ጫማውን እያየ፣ «ጋሼ ባንተአምላክ፣ እርስዎን ጠልቼ አይደለም። እኔም የወለድሁት አለኝ» አለ። አባቴ «ሂድ እንግዲህ፤ እግዜር ይከተልህ» ብሎት ወደ ቤት ገባ። እኔ የገባኝ፣ ወንዳወቅ ልጅ ስለተወለደለት ሕፃን ሊያዝል ወደ ቤቱ መሄዱ ነው። አንቀልባ ታጥቆ ታይቶኝ ብቻዬን ስቄያለሁ። በዚያ ሳምንት ከአንድ የፈረስ ጋሪ ጋር ሊጋጩ ለጥቂት መትረፋቸውን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

«በይ ሰብሊ፣ ካሁን ወዲያ ረዳቴ አንቺ ነሽ» አለኝ አባቴ። የጠዋት ፈረቃ ተምሬ ስወጣ አይሱዙው ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቆሞ ይጠብቀኛል። ጓደኞቼ እያዩኝ ጋቢና ስወጣ የነበረኝ ኩራት ለጉድ ነው።

ኩራቱ የሚቆየው ግን በሩ እስኪዘጋ ነበር። በእኔ በኩል ያለው በር ከውስጥ አይከፈትም። የመስታወቱ ማውረጃ ተሰብሮ ስለነበር መስታወቱ የሚወርደው በፒንሳ ነው፤ ፒንሳው ደግሞ የሚውለው አባቴ ኪስ ውስጥ ነው። ጭነቱን ሊያስመዝን ሲወርድ በእሱ በኩል ያለውንም በር ቆልፎ ይሄዳል፤ ወርጄ ገበያ ውስጥ እንዳልጠፋበት ይፈራል። ፀሐዩ ጣሪያውን ያግለዋል፣ በርበሬው ጉሮሮዬን ይከረክረዋል፣ ሽንቴ ይመጣል። ከመስታወቱ ማዶ የቡሬ ልጆች ኳስ ያንከባልላሉ፤ ብጠራቸው የሚሰማኝ የለም። እዚያ ውስጥ መሆኔን ጠላሁት። እስኪመጣልኝ ድረስ መሪው አካባቢ ያለውን ሁሉ እየነካካሁ እቆያለሁ።

መነካካቴን ሲያውቅ አልተቆጣኝም። ይልቅ አስተማረኝ።

«ይች የግራዋ ፍሬቻ ናት» አለኝ። «ወደ ታች ለግራ፣ ወደ ላይ ለቀኝ። ጫፏን ስትጠመዝዣት መብራት ነው። ወደ ፊት ከገፋሻት ረጅሙ ይበራል፤ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። ወደ ራስሽ ሳብ ካደረግሻት ጥቅሻ ናት። ይች የቀኝዋ ደግሞ ዝናብ ናት። አንዴ ቀስ ይላል፣ ሁለቴ ፈጠን ይላል፣ ሦስተኛው ጥድፊያ ነው።»

«ይች ቀይዋስ?»

«እሷን አትንኪ። እሷ የጭንቅ ናት። ሁለቱንም ፍሬቻ ባንድ ላይ ነው የምታስጠቅስ።»

ከዚያ ዓይኔን አስጨፍኖ ይጠይቀኝ ጀመር። «ዝናብ» ሲለኝ የቀኟን፣ «ረጅሙን አጥፊ» ሲለኝ በደረቱ በኩል ተንጠራርቼ የግራዋን። ስሳሳት ጣቴን ይዞ ቦታዋ ላይ ያሳርፍልኛል። ዓይን ጨፍኖ መማር ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅኩም። እሱ መኪናውን የሚያውቀው እንደዚያ ነበር።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ውስጥ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። የእኔ ተማሪዎች መጀመሪያ ቀን ሞተር አያስነሱም። ዓይናቸውን ጨፍነው ፍሬቻን፣ መብራትን፣ ዝናብ መጥረጊያን በጣታቸው ያገኛሉ። ይስቃሉ፣ ያጉረመርማሉ፤ «ክፍያው ለመንዳት እንጂ ለዳበሳ ነው ወይ?» ያለኝም አለ። «ዝናቡ ሲወርድብህ አንገትህን ደፍተህ እጀታ ልትፈልግ ነው?» እለዋለሁ። ማን እንዳስተማረኝ አልነግራቸውም።

ያኔ ከአባቴ ጋር መንገድ ስንወጣ ደግሞ ጨዋታው ይጀምራል። «ዓይኔ፣ ምን ይታያል?» ይለኛል። ዓይኔ ማለት የጀመረው ገና በአራስነቴ ነው አሉ፤ ልጁን ዓይኔ የማይል አባትስ የት አለ? እኔም «ሁለት በሬ፣ በቀኝ። እንጨት የተሸከመች ሴትዮ። ድልድይ» እላለሁ። እሱ ቀነስ ያደርጋል፣ ክላክስ ይነካል፣ ያልፋል። አንድ ጊዜ አንዲት አህያ አየኋትና መናገሩ ታከተኝ። መሃል መንገድ ላይ ቆማ ነበር። አጠገቧ ስንደርስ በድንገት ፍሬን ያዘና ግንባሬ ከፊቴ ያለውን ክሩስኮት መታው።

«አህያዋ አትታይሽም?»

«አንተስ አላየሃትም?»

ዓይኑን እያሸ፣ «አንቺን እየፈተንሁ ነበር» አለኝ።

መጀመሪያ ሰሞን ጨዋታው ደስ ይለኝ ነበር። በኋላ አንገሸገሸኝ። እንቅልፍ ቢመጣ መተኛት የለም፣ ወደ ጎን ማየት የለም። እኩዮቼ ገመድ ሲዘሉ እኔ መንገድ ላይ ዓይኔን ተክዬ እውላለሁ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ዓይኔን ስጨፍን እንኳ የሚመጣብኝ ያው መንገድ ነው። ወርጄም ከጋቢናው አልወጣሁም ነበር።

አንድ የምወደው ነገር ግን ቀርቶልኝ ነበር። ከፊት የሚመጡ ሾፌሮች ሁሉ አባቴን ሰላም ይሉት ነበር። መብራታቸውን ብልጭ ብልጭ ያደርጉለታል፤ አንዳንዱማ እጁን በመስኮት አውጥቶ ያወናጭፋል። «አባ፣ ሰው ሁሉ ያውቅሃል» ስለው «ያውቁኛል፣ ልጄ» ይላል። አባቴ ቀንም ሆነ ማታ ረጅሙን መብራት አብርቶ ነበር የሚሄደው። ሾፌሮቹ ዓይናችንን አጠፋኸው ማለታቸው ነበር። እጃቸውን ያወጡትም ሲሰድቡት ነበር።

ሞራ የሚባለውን ነገር ያወቅኩት እናቴ አገር፣ ሽንዲ አጠገብ ነው። አያ ክንፈሚካኤል የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሞራ ገላጭ ናቸው። በበዓል በግ ሲታረድ ሆድ ዕቃውን የሚሸፍነውን ስስ ነጭ ስብ፣ ሞራውን፣ ሳይቀደድ አውጥተው ይሰጧቸዋል። እሳቸው በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ ፀሐይ ያነሱታል። ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ከዚያ «ዘንድሮ ክረምቱ ይከብዳል» ይላሉ፣ ወይም «ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ አለ»። ቄሱ ብቅ ካሉ ሞራው ቶሎ ብሎ ሰፌድ ሥር ይገባል፤ ቄሱ አይወዱትም። አንድ ፋሲካ እኔም በክንዳቸው ሥር ሾልኬ በሞራው ውስጥ ለማየት ሞከርኩ። ነጭ ብቻ ነው። ብርሃኑ ያልፋል፣ የሚታይ ነገር ግን የለም። አያ ክንፈሚካኤል ከዚያ ነጭ ውስጥ ነገን ማየታቸው ገረመኝ።

ታዲያ አንድ ከሰዓት እናቴና ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ማርያም ጓሮ ተቀምጠው በርበሬ ሲቀነጥሱ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሰማኋቸው።

«ሞራ ነው ብለሽ ነው?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ሞራ ነው። በሁለቱም።»

«ይገፈፋል አሉ እኮ፣ ንግሥቴ። ሐኪም ቤት ገብተው በሦስተኛው ቀን የወጡ ሰምቻለሁ።»

«ሲበስል ነው የሚገፈፍ፣ ገና አልበሰለም ይለኛል። እስኪበስል ማን ይጠብቀዋል፣ መንገዱ?»

«በይ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ባለ መኪናው የሰማ ዕለት ቁልፉን ነው የሚቀበለው።»

 አባቴ ሞራ አለው። ያውም ሁለት! ለሰው የማይነገረውም ቄሱ ስለማይወዱት ነው። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። አንገቱን አስግጎ የሚያየው ለካ እኛ የማናየውን ነው። ምን ይታያል እያለ የሚጠይቀኝም ጠፍቶት ሳይሆን፣ እያወቀ ሊያስተምረኝ ነው። ሳድግ እኔም ሞራ ገላጭ መሆኔ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ አጠገብ ስቀመጥ ምንም አልፈራም ነበር።

በማግሥቱ እናቴና አባቴ ተጣሉ። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ የተኛሁ መስያለሁ።

«ልጄን ዓይንህ አድርገህ እስከ መቼ ነው?» አለችው።

«ምን ላርግ፣ ንግሥቴ? ከመሪ ሌላ ምን አውቃለሁ? ሐኪም ዘንድ ብሄድ መንጃ ፈቃዴን ይይዙብኛል። ቤት ብቀመጥ አንቺና ልጅቱ ጦም ታድራላችሁ። በየት ልውጣ?»

«አንተ መውጫ አጣህና እሷን ይዘሃት ትገባለህ?»

 እኔ ደግሞ እናቴ የቀናች መሰለኝ፤ እኔን ዓይኔ ብሎ እሷን በስሟ ስለሚጠራት። በነጋታው መንገድ ላይ «እማዬንም ዓይኔ በላት» ብዬ መከርኩት። «እሷማ ዓይኗን አትሰጠኝም» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ የቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

መጋቢት ወጥቶ ሚያዝያ ገብቷል። ቅዳሜ ነበር። ቡሬ ላይ ጭነን ከሰዓት በኋላ ወደ ፍኖተ ሰላም ተነሣን። ከተማውን ገና ከመውጣታችን ፊት ለፊታችን ሰማዩ ጠቆረ።

«ዓይኔ፣ የጨለመው ምንድን ነው?»

«ደመና ነው፣ አባ።»

«በዚህ ወር?» አለ፤ በርበሬው እንዳይርስበት ፍጥነት ጨመረ። ወደ ማንኩሳ የሚወርደውን ቁልቁለት ስንጀምር በረዶው መጣ። ጣሪያው ላይ ሲወርድ አንዳችን የሌላችንን መስማት አቃተን። ከበረዶው ቀጥሎ ዝናብ፣ ከዝናቡ ጋር ጉም። መስታወቱ ከውስጥ በትንፋሻችን ደበዘዘ፤ በእጅጌዬ ጠረግኩለት።

«ዝናብ!» አለኝ።

የቀኟን አስነሳኋት።

«አሁንስ?»

«ይታያል።»

«አይታይም እኮ። ጨምሪው።»

ጨመርኩት። መጥረጊያዎቹ በጥድፊያ ይመላለሳሉ። መንገዱ በጉሙ ውስጥ ጠርዙ ይታየኛል፤ ነጩ መስመር ይታየኛል። አባቴ ግንባሩን ከመስታወቱ ሊያጋጭ ምንም አልቀረውም።

«ዛሬስ መጥረጊያው ምን ነካው?» ይላል። «አልጠራ አለኝ፣ ሰብሊ። አልጠራ አለኝ።»

ያን ቀን ገና ያላበራውን ረጅሙን መብራት አበራው። መብራቱ ጉሙ ላይ አርፎ ተመልሶ ጋቢናውን ነጭ አደረገው፤ ያን ጊዜ ለእኔም ምንም አልታይ አለኝ። «አጭሩን፣ አጭሩን» አለ ለራሱ፣ እጀታዋንም መልሶ ሳባት። መንገዱ እንደገና መጣልኝ። ከመንገዱ ጋር ከታች በኩል ሁለት መብራቶች ብልጭ ብልጭ እያሉ መጡ።

«አባ፣ አንድ መኪና ሰላም እያለህ ነው።»

«የት?»

ሞራ ገላጭ «የት?» ብሎ አይጠይቅም። አያ ክንፈሚካኤል ጠይቀው አያውቁም። ዞር ብዬ አየሁት። ዓይኖቹ ተከፍተዋል፤ ግን መብራቶቹን አያዩም፣ ሌላ ቦታ ነው ያሉት። 

«የት ነው፣ ሰብሊ? በማን በኩል ነው?»

«ፊት ለፊታችን ነው! እኛ ነን በእሱ በኩል ያለን!»

መሪውን ወደ እኔ ጠመዘዘው። አውቶቡስ ነበር፤ ክላክሱን እያስጮኸ በግራችን አለፈ፤ የተሳፋሪዎቹ ፊት በመስኮቱ በኩል ለቅጽበት ታየኝ። የእኛ መኪና አስፋልቱን ለቀቀ። የቀኙ ጎማ የውኃ መውረጃው ቦይ ውስጥ ገባና መኪናው ወደ እኔ ተጋደመ። ጭነቱ ከኋላ ሲንሸራተት ተሰማኝ። አባቴ እኔን ሊይዝ ቀኝ እጁን ሲወረውር ክሩስኮቱ ላይ አረፈ፤ ክንዱ ስትሰበር ድምፅዋን ሰምቻለሁ።

ቆምን። የእኔ በር ጭቃው ውስጥ ተቀብሯል። የእሱ በር ወደ ሰማይ ሆኗል። በግራ እጁ ገፋው፤ ትንሽ ተነሥቶ በክብደቱ ተመልሶ ወደቀ። ደግሞ ገፋው፤ ደግሞ ወደቀ። እኔ ሁልጊዜ ብቻዬን የምታሰርበት ጋቢና ውስጥ ያን ቀን ሁለታችንም ታሰርን።

«የት አመመሽ?»

«አላመመኝም። እጅህ ግን…»

«እጄን ተይው። ስሚኝ። ጭራችን መንገዱ ላይ ነው የቀረ። ከኋላ የሚመጣ ሰው አያየንም። ያችን ቀይዋን ንኪያት።»

«የጭንቋን?»

«የጭንቋን።»

ተንጠራርቼ ተጫንኳት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረች። ክሩስኮቱ ላይ ሁለት አረንጓዴ ቀስቶች ባንድ ላይ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ።

«ትጠቅሳለች?»

«ሁለቱም ይጠቅሳሉ።»

«ጎበዝ። አጭሩን መብራት እንዳታጠፊ። ዝናቡንም ተይው ይሥራ፤ የሚመጣ ሰው ካለ ይታይሽ።»

ተቀመጥን። መጥረጊያዎቹ ይመላለሳሉ፣ የጭንቋ ቀጭ ቀጭ ትላለች፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ የሚታየኝ ቦይና ጉም ነው። በርበሬው ከኋላ ፈሶ ሽታው አፍኖናል። አየር ያለቀ መሰለኝ። በሩን በእግሬ ረገጥኩት፤ ከበስተጀርባው ጭቃ ነው፣ ንቅንቅ አይልም። ማልቀስ ጀመርኩ። ለቅሶው መሃል ነው ትዝ ያለኝ።

«አባ፣ ሞራህን ገልጠህ እይልን።»

«ምን አልሽ?»

«ሞራ አለህ አይደል፣ በሁለቱም? እማዬ ለእትዬ አስካለ ስትነግራቸው ሰምቻለሁ። ለቄሱ አልናገርም። ማን እንደሚመጣልን እየው።»

ሆዱ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የሳቀ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

«አዎ» አለ ቆይቶ። «ሞራስ አለኝ፣ ልጄ።»

«በል እይ።»

ዓይኑን ጨፈነ። ራሱን ወደ ኋላ፣ ወደ ቁልቁለቱ አናት በኩል ዘንበል አደረገ። አያ ክንፈሚካኤል ሞራውን ሲያነሱ ሰው ዝም እንደሚል እኔም ለቅሶዬን ዋጥኩ። ቆየ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

«ሰው ይመጣል» አለ። «ነይ ወደዚህ። በርዶሻል፤ እቀፊኝ።»

በደኅናው እጁ ሳበኝ። ደረቱና መሪው መሃል አስገብቶ፣ ጀርባውን ለኋላው ሰጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ ሸፈነኝ። ራሴን በእጁ ተጫነው። ልቡ ስትመታ ጆሮዬ ላይ ነበረች፣ ቶሎ ቶሎ። ሙቀቱ ደስ አለኝ። ሰው ይመጣል ብሏል፣ ፍርሃቴ ሁሉ ለቀቀኝ። ከኋላ አንድ ትልቅ ድምፅ እየቀረበ መጣ። ጎማ ጮኸ። ክላክስ ጮኸ። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለና የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ኧረ ሰው አለበት!» የሚል ድምፅ ከውጭ ሰማሁ።

ሁለት ሰዎች ወጥተው የአባቴን በር ወደ ሰማይ ከፈቱት። መጀመሪያ እኔን አወጡኝ። ዝናቡ ፊቴ ላይ ሲያርፍ የዚያን ያህል የጣፈጠኝ ነገር አላስታውስም። ያቀፈኝን ሰውዬ «አባቴ ቀድሞ አይቷችሁ ነበር» አልኩት። ሰውየው አባቴን አየው፣ እኔን አየኝ። የጭነት መኪናቸው ከእኛ ጭራ ጋር ሊነካካ ምንም ሳይቀረው ቆሞ ነበር።

እጁን ሊያሳክም ሐኪም ቤት የገባው አባቴ የዓይኑም ነገር ተገለጠበት። ነርሷ «የዓይን ሞራ ነው» ስትል እኔ ኮራ ብዬ «በእሱ ነው ነገን የሚያይ» አልኳት። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እናቴ ብቻ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ያን ዕለት ነው ያወቅኩት። አባቴ ያን መንገድ ሁሉ ሲነዳ የነበረው፣ አያ ክንፈሚካኤል ወደ ፀሐይ ባነሱት በዚያ ነጭ ውስጥ እያየ ነው። ሞራው ተገፈፈለት። ከሞራው ጀርባ ግን የዓይን ግፊት የሚሉት ሌላ በሽታ ቀድሞ ገብቶ ኖሯል፤ «ቢቀድሙ ኖሮ» አለ ሐኪሙ። መኪናው ለባለቤቱ ተመለሰ። እኛም ፍኖተ ሰላም ገባን፤ እናቴ በርበሬ አስፈጭታ እየሸጠች አሳደገችኝ። አባቴ ዛሬ ብርሃንና ጨለማ እንኳ አይለይም።

ባለፈው እሑድ ለዘመድ ልቅሶ ቡሬ ደርሰን ስንመለስ ነው። ማሠልጠኛ መኪናዬን ይዤ፣ እሱ በቀኜ ተቀምጦ። ከእኔ ጋር ሲሄድ ጥሩ ተቆጣጣሪ ነው፤ ታጥፌ ፍሬቻ ማጥፋቱን ብረሳ «ለማን ነው የምትጠቅሺ?» ይለኛል። ወደ ማንኩሳ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ከፊት መንጋ እየተሻገረ ስለነበር ዳር ይዤ ቆምኩና ቀይዋን ተጫንኩ። ቀጭ፣ ቀጭ አለች።

«የጭንቋ» አለ ፈገግ ብሎ። «የት ደረስን?»

«ያኔ የወደቅንበት።»

ራሱን ነቀነቀ። እኔ ለዓመታት ልጠይቀው እያልኩ የተውኩት ነገር ነበረኝ።

«አባ፣ ያን ቀን ሰው ይመጣል ስትለኝ በምን አወቅህ?»

«በጆሮዬ ነዋ።»

«ሰዎቹ ሲነጋገሩ ሰምተህ?»

«የምን ሰዎች?» አለ። «ሞተር ነው የሰማሁ። ጭነት የያዘ፣ ማርሽ አውጥቶ ቁልቁለቱን በሩጫ የሚወርድ። ፍሬን ሲይዝ አልሰማሁትም። አንቺ እይልኝ አልሽ፣ አየሁልሽ። ሰው ይመጣል አልሁሽ እንጂ ሊያወጣን ይመጣል መች አልሁሽ?»

እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። የዚያች የተሰበረች ክንዱ አጥንት ጠማማ ሆና ነው የዳነች፤ እጅጌው ሥር ይታያል። ጀርባውን ለኋላው መስጠቱ ትዝ አለኝ። ራሴን መጫኑ ትዝ አለኝ። በርዶሻል ብሎኝ ነበር፣ እኔም ሞቆኝ ነበር፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያን ሙቀት እንደ ደግ ነገር ይዤው ኖሬያለሁ። ያን ያህል ይወደኝ እንደነበር አውቃለሁ ብዬ ነበር። አላውቅም ነበር።

መንጋው አለፈ። ማርሽ አስገባሁ። መንገዱ ግን ደበዘዘብኝ፤ ነጩ መስመር ጠፋብኝ። ቀኝ እጄ ሳላዛት ሄዳ እጀታዋን ነካቻት። መጥረጊያዎቹ ሲጥ፣ ሲጥ ብለው ደረቁን መስታወት ፋቁት።

አባቴ ጆሮውን ወደ ድምፁ አዘነበለ።

«ዝናብ የለም እኮ፣ ዓይኔ» አለኝ።

«በርበሬው ነው፣ አባ» አልኩት።